የውሻ ምድብ ስምና የእረኝነት ሥራ

የውሻ ዝርያዎች በቡድን የሚለዩት በአብዛኛው ሲሠሩት በኖሩት ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የውሻ ዝርያዎች ፌዴሬሽን በ10 ቡድን ሲከፍላቸው፣ የአሜሪካው ኬኔል ክለብ በ7 ይመድባቸዋል። ክለቡ ከብት ነጂ ውሾችን ከሠራተኛ ውሾች ለይቶ ራሳቸውን ችለው እንዲመደቡ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው።

ለአርቢው ዋናው ልዩነት ግን በነጂና በጠባቂ መካከል ያለው ነው። ቦርደር ኮሊ የተባለው ነጂ ውሻ በጎችን እያፈጠጠና እያደባ ወደሚፈለገው ቦታ ይመራል። ጠባቂው ደግሞ ከመንጋው ጋር ውሎ አድሮ አውሬ ይከላከላል። ምድቡ ይህን ልዩነት ሁልጊዜ አያሳይም። በፌዴሬሽኑ አሠራር የቱርኩ ካንጋል በ2ኛው ቡድን ሲመደብ፣ የጣሊያኑ ማሬማ ከነጂዎቹ ጋር በ1ኛው ቡድን ይገኛል። ሁለቱም ግን መንጋ ጠባቂዎች ናቸው።

ዝርያ ብቻውንም የውሻን ጠባይ አይወስንም። እ.ኤ.አ. በ2022 ‹ሳይንስ› በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በውሾች መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት በዝርያ የሚገለጸው 9 በመቶ ያህሉ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። በናሚቢያ የአቦሸማኔ ጥበቃ ፈንድ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአርቢዎች የሚሰጣቸው ጠባቂ ውሾችም ከቡችላነታቸው ጀምሮ ከፍየልና ከበግ ጋር ያድጋሉ። መንጋውን እንደ ቤተሰብ የሚያዩት በዚህ መንገድ ነው።

በአገራችን ገጠር በረት የሚጠብቀው፣ ጅብ ሲመጣ የሚጮኸው ውሻ ከእነዚህ ቡድኖች በአንዱም ውስጥ ስም የለውም። ሥራውን ግን ይሠራል። ስለዚህ አርሶ አደሩ ስመ ጥር የውጭ ዝርያ ከመመኘቱ በፊት የራሱን ቡችላ ከግልገሎች ጋር ማሳደጉ፣ ግልገል ሲያባርር ወዲያው ማረሙ ይበጀዋል።

ከሁሉም የሚቀድመው ክትባት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ሰውንም ከብትንም ይገድላል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላም መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ተራሮች የተነሳው ወረርሽኝ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውን ቀይ ቀበሮ ክፉኛ ጎድቷል፤ የበሽታው ምንጭም የቤት ውሾች ነበሩ። ያልተከተበ ውሻ፣ ዝርያው ምንም ይሁን ምን፣ እንዲጠብቀው ለታሰበው መንጋና ቤተሰብ ራሱ አደጋ ነው።