ሁለት በር፣ አንድ ጎተራ

በየትምህርት ክፍሉ የኮምፒውተር ነገር ሲነሣ ዘወትር የሚቀርበው ጥያቄ «ሰርቨሩ ቢበላሽስ?» የሚል ነው። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛ ሰርቨር መግዛት ይሆናል። ሁለቱ ሰርቨሮች በኔትወርክ አማካይነት ከአንድ የጋራ ማከማቻ ጋር ይያያዛሉ፤ «አለሁ» የሚል ምልክት በየጥቂት ሴኮንዱ ይለዋወጣሉ፤ የአንደኛው ምልክት ሲቋረጥ ሌላው አድራሻውን ተረክቦ ፋይል ማስተላለፉን ይቀጥላል። ክላስተር የሚባለው ይህ ነው። ብልሃቱ መልካም ነው፤ ሆኖም ገንዘባችንን የምናፈስሰው ለበሩ እንጂ ለጎተራው አይደለም።

ሂሳቡን እንሥራው። እያንዳንዱ ሰርቨር ከ100 ሰዓት 99ኙን ይሠራል እንበል። ሁለቱ በአንድነት የሚቆሙበት ዕድል 0.01 ሲባዛ በ0.01፣ ማለትም ከ10,000 ሰዓት 1 ሰዓት ብቻ ነው። ማከማቻው ግን አንድ ነው። እርሱም 99 በመቶ የሚሠራ ከሆነ የጠቅላላው አስተማማኝነት 0.9999 ሲባዛ በ0.99፣ ወደ 98.99 በመቶ ይወርዳል። ሰርቨሮቹን አሥር ብናደርጋቸው እንኳ ከ99 አያልፍም። ደግሞም ዕድሎችን እንዲህ ማባዛት የሚፈቀደው ክስተቶቹ አንዱ ከሌላው ነጻ ሲሆኑ ነው (ተማሪዎቼ ይህን ለፈተና ያስታውሱታል፤ ሰርቨር ሲተክሉ ይረሱታል)። ሁለቱም ከአንድ የኤሌክትሪክ መስመር ከተሰኩ፣ መብራት በጠፋ ጊዜ አብረው ይጠፋሉ።

በመካከላቸው ያለው መስመር ብቻ ሲበጠስ ደግሞ እያንዳንዱ ጓደኛው የሞተ መስሎት ማከማቻውን ለብቻው ሊይዝ ይነሣል። ሁለቱም በአንድ ዲስክ ላይ በየፊናቸው ሲጽፉ ፋይሎቹ ይበላሻሉ። ስለዚህም ሦስተኛ ኮምፒውተር በዳኝነት ይጨመራል፤ ከሦስቱ የሁለቱን ድምፅ ያላገኘ ሰርቨር እንዳይጽፍ ይከለከላል።

የጎተራውን ነገር በወሬ አልሰማሁትም። ለዶክትሬት በውጭ አገር ሳለሁ በምሠራበት ቤተ ሙከራ ሁለት ሰርቨሮችና አንድ ማከማቻ ነበሩ። አንድ ባልደረባ በስሕተት በሰጠው ትእዛዝ የሦስት ሳምንት ልኬቴ ተሰረዘ። ሁለቱም ሰርቨሮች ፍጹም ጤነኞች ነበሩ፤ በየትኛውም በኩል ብገባ የማገኘው ያንኑ ባዶ ፎልደር ነበር። የጋራ ማከማቻ ቅጂ አይደለም። በጄኔቫ አቅራቢያ የሚገኘው ሰርን የትልቁን አፋጣኝ ጥሬ መረጃ አንዱን ቅጂ በራሱ ዘንድ፣ ሌላውን በልዩ ልዩ አገሮች ባሉ ማዕከላት የሚያኖረው ያለ ምክንያት አይደለም።

እንግዲህ ለአንድ መሣሪያ ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ሲገኝ፣ ከሁለተኛው ሰርቨር በፊት በሌላ ሕንፃ የሚቀመጥ ሁለተኛ ማከማቻ ይገዛ እላለሁ። በየሌሊቱ ቅጂ ይወሰድበት፤ የቆዩትም ቅጂዎች ወዲያው አይደምሰሱ። በየሴሚስተሩም አንድ ፋይል ከቅጂው መልሶ ማውጣት ይሞከር።