የሮብዓም ሦስት ቀን

ከደንበጫ እስከ ቡሬ ባሉ አጥቢያዎች በክብረ በዓል ዕለት ስለ ነገሥታት ሲሰበክ የምንሰማው አብዛኛውን ጊዜ የዳዊትን ወንጭፍና የሰሎሞንን ጥበብ ነው። እኔ ግን ዛሬ በምዕራብ ጎጃም አውደ ምሕረት ሁሉ ስሙ ሊነሣ የሚገባው ንጉሥ ሮብዓም ነው ባይ ነኝ።

ታሪኩ በአንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 12 ተጽፏል። ሰሎሞን ሞቶ ልጁ ሮብዓም ሊነግሥ ወደ ሴኬም ሲሄድ፣ ሕዝቡ ከስደት የተመለሰውን ኢዮርብዓምን አስቀድሞ ቀረበው። አባቱ የጫነባቸውን ቀንበር ቢያቀልላቸው እንደሚገዙለት ነገሩት። የአቤቱታው መሠረት የታወቀ ነው። ቤተ መቅደሱ 7 ዓመት፣ የንጉሡ ቤት 13 ዓመት ፈጅቷል። ለሥራው 30 ሺህ ሰው ተመልምሎ በየወሩ አሥር አሥር ሺሁ በተራ ወደ ሊባኖስ ይላክ ነበር። አሥራ ሁለት ሹማምንት ደግሞ እያንዳንዳቸው በዓመት የአንድ ወር የቤተ መንግሥት ቀለብ ያቀርቡ ነበር። የሰሎሞንን ክብር ስንሰብክ ይህን ሒሳብ እንዘለዋለን፤ ዕዳው ግን በልጁ ዘመን ተጠየቀ።

ሮብዓም መልስ ለመስጠት ሦስት ቀን ጠየቀ። እስከዚህ ድረስ ሥራው የአስተዋይ ሰው ነው፤ ሳያማክር አልተናገረም። አስቀድሞ የጠየቃቸው ሽማግሌዎች በአባቱ ፊት ቆመው የኖሩ፣ የዚያን ሁሉ ግንባታ ዋጋ በዓይናቸው ያዩ ናቸው። ግብሩን በሙሉ ሰርዝ አላሉትም። ለዚያች ቀን ለሕዝቡ አገልጋይ ቢሆንና በጎ ቃል ቢመልስለት፣ ሕዝቡ ዕድሜውን ሙሉ እንደሚያገለግለው መከሩት። እሱ ግን ምክራቸውን ትቶ ወደ አብሮ አደጎቹ ዞረ። እነዚህን ሰዎች ብዙዎቻችን እንደ ጎረምሳ እንቆጥራቸዋለን። ሮብዓም ሲነግሥ 41 ዓመቱ ነበር፤ አብሮ አደጎቹም የዚያው እኩያ መሆናቸው ነው። ስለዚህ ጥፋቱን በልጅነት ላይ መጣል አንችልም። እነዚያ ሰዎች ቤተ መንግሥት አድገው ቤተ መንግሥት የጎለመሱ ናቸው፤ ቀንበሩ አንድ ቀን እንኳ በአንገታቸው ላይ አላረፈም። ከአባቱ የከፋ እንደሚቀጣ እንዲፎክር መከሩት፤ ፎከረ። ይባስ ብሎ አስገባሪውን አዶኒራምን ወደ ተቆጣው ሕዝብ ላከው። አዶኒራም በድንጋይ ተወግሮ ሞተ፤ ንጉሡም በሠረገላው ወደ ኢየሩሳሌም አመለጠ። ዐሥሩ ነገድ ከዳዊት ቤት የተለየው በዚህ ሁኔታ ነው።

ይህ ለጎጃም ሩቅ ታሪክ አይደለም። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱ የዘር ሐረግ ከንግሥተ ሳባና ከሰሎሞን ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ እንደሚመዘዝ ይደነግግ ነበር። የሰሎሞን ልጅ ነኝ ያለው ዙፋን የሮብዓም ጥያቄ ሲቀርብለት፣ ጠያቂዎቹ የሞጣ፣ የቢቸናና የዳሞት ገበሬዎች ነበሩ። ዳሞት ማለት ደግሞ እኛው ነን። ዓመቱ 1960 ነው፤ ሰበቡም የእርሻ ገቢ ግብር። ግብር ገማች ማሳ ላይ ሲቆም ገበሬው ርስቱ ተለክቶ የሚወሰድበት ቀን የቀረበ መሰለው። መጀመሪያ አቤት አለ፣ ቀጥሎ ገማቾቹን አላስገባም አለ፣ በመጨረሻም ጠመንጃውን አነሣ። መንግሥት ጦር ላከ፤ አውሮፕላን ሳይቀር አዘመተ። ኋላ ግን ጃንሆይ ሐሳባቸውን ቀየሩ። ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ ግብሩም ሳይጸና ቀረ፤ ውዝፍ ዕዳም ተማረ።

ንጉሠ ነገሥቱ በዚህ ከሮብዓም እንደሚሻሉ አምናለሁ። ሞት ከገባ በኋላም ቢሆን ቃልን ማጠፍ ለዙፋን ቀላል አይደለም። የማልቀበለው ቀጥሎ የሆነውን ነው። ደጃዝማቹ ከጎጃም ተነሥተው ከፋን እንዲገዙ ተሾሙ፤ በ1966 የጅማ ሕዝብ ደግሞ ይነሡልን ብሎ አደባባይ ወጣ። ከዳሞት አንገት የወረደው ቀንበር ሳይሰበር ወደ ሌላ አንገት ተዛውሮ ነበር። ዘውዱም መስከረም 2 ቀን 1967 ወረደ።

በእኛም ዘመን፣ በ2015 ክረምት መግቢያ ላይ ማዳበሪያ ያጡ የአማራ ክልል ገበሬዎች የዘር ጊዜ እያለፈባቸው ባሕር ዳር ድረስ ሄደው አቤት ብለዋል። በቆሎና በርበሬ አምርቶ ለሚኖር አገር ሰኔን ያለ ማዳበሪያ ማለፍ ምን ማለት እንደሆነ ለቡሬና ለጃቢ ጠህናን ሰው አላስረዳም። በዚያው ክረምት በመንግሥት ጦርና በክልሉ ታጣቂዎች መካከል ጦርነት መጣ። ነሐሴ 7 ቀን በፍኖተ ሰላም መሐል ከተማ በደረሰው የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸው ተዘግቧል። ሥልጣን ላይ ያለ ሰው የሮብዓምን ምዕራፍ ሲያነብ እነዚያን ሦስት ቀናት ከማን ጋር እንዳሳለፋቸው ራሱን ይጠይቅ። አማካሪዎቹ ሁሉ ማዳበሪያ ፍለጋ ተሰልፈው የማያውቁ ከሆኑ፣ የሚሰማው ምክር የሮብዓም አብሮ አደጎች ምክር ነው።

ምዕራፉ ግን ሮብዓምን ወቅሶ አይቆምም፤ ጠመንጃ ያነሣውንም ወገን ይመለከታል። ኢዮርብዓም የሕዝቡን በደል ያውቃል፤ በሰሎሞን ዘመን በዮሴፍ ቤት ሥራ ላይ ሹም ነበር፤ ንጉሡ ሊገድለው ሲፈልግም ወደ ግብፅ ተሰድዶ ኖሯል። ሕዝቡ ያነገሠው ቀንበር ሊያወርድለት ነው። እሱ ግን ገና ሳይደላደል ሕዝቡ ለመሥዋዕት ወደ ኢየሩሳሌም ከወጣ ልቡ ይመለሳል ብሎ ፈራ። ስለዚህ አንዱን የወርቅ ጥጃ በቤቴል፣ ሌላውን በዳን አቆመ፤ ከሌዊ ወገን ያልሆኑትንም ካህናት አድርጎ ሾመ። አቤቱታው እውነት ነበር፤ መሪው ግን የተከተለውን ሕዝብ ፈራው። ሕዝቡን የፈራ መሪ ደግሞ ሕዝቡ የት እንደሚሄድ፣ ከማን ጋር እንደሚነጋገር፣ ምን እንደሚያመልክ ሊወስንለት ይነሣል።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ሰው አለ፤ ሸማያ ይባላል። ሮብዓም ከይሁዳና ከብንያም 180 ሺህ ተዋጊ ሰብስቦ ዐሥሩን ነገድ ሊወጋ ሲነሣ፣ ይህ ነቢይ ወንድሞቻቸውን እንዳይወጉና እያንዳንዱ ወደ ቤቱ እንዲመለስ የእግዚአብሔርን ቃል ነገራቸው። ሠራዊቱም ሰምቶ ተመለሰ። ያን ሁሉ ስንፍና የሠራው ንጉሥ ማን ላከህ ብሎ አላሰረውም። ምዕራፍ 13 ላይ ግን የሕዝቡ ወገን የነበረው ኢዮርብዓም በቤቴል የገሠጸውን የእግዚአብሔር ሰው ለማስያዝ እጁን ዘረጋ፤ የዘረጋት እጁም ደረቀች።

በሰኔ 2016 በባሕር ዳር የሰላም ካውንስል ተቋቁሟል፤ በየወረዳውም ዕርቅ የሚያውቁ አባቶች አሉን። ወደ አንዱ ወገን ሲሄዱ ለሌላው እንደቆሙ እየተቆጠሩ ግን የሸማያን ሥራ ሊሠሩ አይችሉም። የፍኖተ ሰላም ሽማግሌ ወደ ቋሪትም ሆነ ወደ ወንበርማ ወርዶ፣ ባሕር ዳርም ወጥቶ ያየውን በሁለቱም ፊት ተናግሮ በደኅና ወደ ቤቱ የሚገባበት ዋስትና ያስፈልጋል። መንግሥትም፣ በጫካ ያሉትም ይህን ዋስትና በአደባባይ ይስጡ። መምህሮቻችንም በመጪው እሑድ ከምዕራፍ 12 ጀምረው እስከ ደረቀችው እጅ ድረስ ሳያቋርጡ ያስተምሩን።