በአምስት ሳምንት የተሠራ ጨዋታ

አንድ ሥራ ስሙ አንድ ጊዜ ከጠፋ በኋላ ሥራውን ራሱን መርምሮ የሚፈርድ ሰው ጥቂት ነው። ሌላው የሰማውን ይደግማል፤ የደገመውንም እንደ ራሱ አስተያየት ይቆጥረዋል። «ኢ.ቲ.» የተባለው የቪዲዮ ጨዋታ እንዲህ ያለ ዕጣ ደርሶበታል። እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ ከቀረበ ወዲህ «እስካሁን ከተሠሩት ጨዋታዎች ሁሉ የከፋው» የሚል ስም ተለጥፎበት ይኖራል። እኔ ግን ጨዋታው ይህን ያህል ሊወቀስ አይገባውም ባይ ነኝ። ድካም የለበትም ማለቴ አይደለም፤ አለበት። እንዲያውም ብዙዎች ከሚጠቅሱት የበለጠ የከፋ አንድ ድካም እንዳለበት ወደ በኋላ አሳያችኋለሁ። ነገር ግን የተወቀሰበት ነገርና ሊወቀስበት የሚገባው ነገር አንድ አይደሉም።

አስቀድመን ስለ ፊልሙ እንናገር። «ኢ.ቲ.» በስቲቨን ስፒልበርግ ዳይሬክተርነት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በጁን ወር 1982 በአሜሪካ ለሕዝብ የታየ ፊልም ነው። የፊልሙን ጽሑፍ የጻፈችው ሜሊሳ ማቲሰን ናት። ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን በካሊፎርኒያ ጫካ ውስጥ በሌሊት ዕፀዋት ሲሰበስቡ ሰዎች ይደርሱባቸዋል፤ መንኰራኵራቸው በችኮላ ተነሥታ ስትሄድ ከመካከላቸው አንዱ ወደ ኋላ ይቀራል። ይህን ቁመተ አጭር፣ መልከ ጥፉ ፍጡር ኤልየት የሚባል የአሥር ዓመት ልጅ ከረሜላ በመንገዱ ላይ እየጣለ ያስከትለውና ወደ ቤቱ ያስገባዋል፤ ይደብቀዋል፤ ይወደዋልም። ከመዋደዳቸው ብዛት የአንዱ ስሜት በሌላው ላይ ያድራል፤ ኢ.ቲ. ሲታመም ልጁም አብሮ ይታመማል። እንግዳው ግን አገሩ ናፍቆታል። ከቤት ውስጥ ከተለቃቀመ ዕቃ፣ ከመጋዝ ስለት፣ ከጃንጥላ፣ ከሕፃናት የፊደል መማሪያ መጫወቻ፣ ወደ ወገኖቹ የሚደውልበትን መሣሪያ ይሠራል፤ በመጨረሻም መንኰራኵሯ ተመልሳ ትወስደዋለች። ስንብታቸውን በደረቅ ዓይን ያየ ሰው ብዙ አይመስለኝም። ፊልሙ አራት የኦስካር ሽልማቶችን አግኝቷል፤ ከእነዚህም አንዱ ለጆን ዊሊያምስ ሙዚቃ የተሰጠ ነው። በገቢም ረገድ እስከ እ.ኤ.አ. 1993 ድረስ የሚስተካከለው አልነበረም።

በዚያን ጊዜ በቪዲዮ ጨዋታ ንግድ ግንባር ቀደም የነበረው የአታሪ ኩባንያ ከዚህ ፊልም ጨዋታ ለማውጣት መብቱን ገዛ። ለመብቱ የተከፈለው ገንዘብ ከ20 እስከ 25 ሚሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ይነገራል፤ ለዘመኑ እጅግ ከባድ ዋጋ ነበር። ድርድሩ ያለቀው በጁላይ ወር መጨረሻ ነው። ዕቃው ደግሞ ለገና ገበያ መድረስ ነበረበት። ስለዚህ ጨዋታው እስከ ሴፕቴምበር 1 ቀን ተሠርቶ ማለቅ አለበት ተባለ። የቀረው አምስት ሳምንት ብቻ ነበር። ሥራው የተሰጠው ሃዋርድ ስኮት ዋርሾ ለተባለ ወጣት ባለሙያ ነው። ይህ ሰው ከዚያ በፊት «ያርስ ሪቬንጅ» የተባለውን ጨዋታ ሲሠራ ሰባት ወር ያህል ፈጅቶበታል፤ ጨዋታውም በጣም ተወዶለት ነበር። እንግዲህ የወራቱን ሥራ በአምስት ሳምንት ጨርስ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ አስቡት።

ዋርሾ የጨዋታውን ዕቅድ በሁለት ቀን ውስጥ ነድፎ ለስፒልበርግ አቀረበ። እርሱ ራሱ ቆይቶ እንደ ተረከው፣ ስፒልበርግ «ፓክማን»ን የመሰለ ነገር ቢሆን አይሻልም ወይ ሲል ጠይቆት ነበር። «ፓክማን» በጠባብ መንገዶች ውስጥ እየተሯሯጡ ነጥቦችን የመልቀም ጨዋታ ነው። ዋርሾ ግን የተለየ ፊልም የተለየ ጨዋታ ይገባዋል ብሎ በሐሳቡ ጸና። ጊዜ ያጠረው ሰው ቀላሉን መንገድ ትቶ ከባዱን መረጠ። ድፍረቱን አደንቃለሁ፤ ቀን መቁጠሪያውን ቢያይ ኖሮ ግን ይሻለው ነበር።

መሣሪያውም ቢሆን ብዙ የሚያንቀሳቅስ አልነበረም። አታሪ 2600 የተባለው ይህ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1977 ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ በሥራ ላይ ሳለ ሊያስታውስ የሚችለው 128 ባይት ብቻ ነበር። ጨዋታው የተቀመጠበት ካርትሪጅ ደግሞ የሚይዘው 8 ኪሎባይት ነው። መጠኑን ለመገመት ያህል፣ አሁን የምታነቡት ጽሑፍ ዛሬ በተለመደው መንገድ በኮምፒዩተር ላይ ቢቀመጥ ከዚያ እጥፍ በላይ ቦታ እንደሚፈጅ ልብ በሉ። ጫካው፣ ከተማው፣ ኢ.ቲ.፣ ልጁ፣ አሳዳጆቹ፣ ዜማው ሁሉ ከዚህ ጽሑፍ ባነሰ ቦታ ውስጥ ተጨምቀው ገብተዋል።

አንድ የዘመዴ ልጅ ይህን ጨዋታ በኮምፒዩተሩ ላይ ከፍቶ እንድሞክረው ጋበዘኝ። ኢ.ቲ. ከመንኰራኵሩ በጫካው ውስጥ ወረደ። ወደ ቀኝ አንቀሳቀስኩት፤ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። አንገቱን መዝዞ ቀስ እያለ ወደ ላይ ተንሳፈፈ፤ አፋፉ ላይ ደረሰ፤ ዘንጉን ጥቂት ብነካው ተመልሶ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ። እንዲህ እያልኩ አሥራ አንድ ጊዜ ወደቅሁ። ልጁ ቆጥሮልኛል፤ መቁጠሩንም ከጨዋታው የበለጠ ወዶታል።

ይህ የጉድጓድ ነገር ጨዋታውን ካስጠሉት ምክንያቶች ሁሉ ዋናው ነው፤ ወቀሳውም ተገቢ ነው። ምክንያቱ ለማስረዳት የማይከብድ በመሆኑ ጥቂት እንቆይበት። በሥዕሉ ላይ ኢ.ቲ. የሚታየው ከጎኑ ነው። ስለዚህ ተጫዋቹ ሰው ወደ ጉድጓድ የሚገባው እግሩ ከአፋፉ ሲያልፍ ነው ብሎ ያስባል። መሣሪያው ግን እግርና ራስ አይለይም። ከኢ.ቲ. ሥዕል አንዲት ነጥብ፣ የራሱ ጫፍ እንኳ ብትሆን፣ የጉድጓዱን ሥዕል ከነካች ወደቀ ማለት ነው። እግሩ በደረቅ መሬት ላይ ቆሞ ሳለ በራሱ የሚወድቅ ፍጡር ማን አይቶ ያውቃል? ከብዙ ዓመታት በኋላ አንድ የጨዋታው ወዳጅ መመሪያውን ጥቂት ቢያርመው፣ ኢ.ቲ. እግሩ ሲገባ ብቻ የሚወድቅ ሆነ። ከዚህ እንደምንረዳው ስሕተቱ በጥቂት ቀናት ተጨማሪ ሥራ የሚቃና ነበር። የጠፋው ብልሃት አልነበረም፤ የጠፋው ሥራውን ለሌሎች ሰዎች አስሞክሮ ለማረም የሚበቃ ጊዜ ነው።

በአስተማሪነቴ ዘመን በአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ድርሰት ማጻፍ ልማዴ ነበር። አንድ ጊዜ ሐሳቡ የሞላ፣ ግን ሥርዓተ ነጥቡ የተዘበራረቀና መጨረሻው የተቆረጠ ድርሰት ደረሰኝ። ከእርሱ ጋር ጽሕፈቱ ያማረ፣ ምንም የማይል ሌላ ድርሰት ነበር። ለሁለተኛው ከፍ ያለ ማርክ ሰጠሁ። ይህ ነገር እስካሁን ይቆጨኛል፤ «ኢ.ቲ.»ን ሳስብ የሚታወሰኝም እርሱ ነው።

ጨዋታው በሐሳብ ረገድ ድሀ አይደለምና። በዚያን ዘመን የነበሩት የቪዲዮ ጨዋታዎች አብዛኞቹ ወይ መተኮስ፣ ወይ መዝለል፣ ወይ መልቀም ነበሩ። በ«ኢ.ቲ.» ግን ተጫዋቹ የጦር መሣሪያ የለውም። ማንንም አይገድልም፤ አይመታምም። ደካማ፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ እንግዳ ሆኖ ከአንድ የመንግሥት ወኪልና ከአንድ ሳይንቲስት ይሸሻል። ወኪሉ የሰበሰበውን ይነጥቀዋል፤ ሳይንቲስቱ ይዞ ወደ ምርምር ሕንፃው ይወስደዋል። ድል ማለት ጠላትን ማጥፋት ሳይሆን አገር መግባት ነው። ስፍራው ስድስት ገጾች ያሉት ሲሆን፣ እንደ አንድ ባለ ስድስት ጎን ሳጥን ገጾች እርስ በርሳቸው ይገናኛሉ፤ ተጫዋቹ በፈለገው በኩል ሊሄድ ይችላል። የስልኩ ሦስት ክፍሎች በየጉድጓዱ የተደበቁ ናቸው፤ ስፍራቸውም በየዙሩ ይለዋወጣል። ኢ.ቲ. የቆመበት ቦታ ምን ኃይል እንደሚሰጠው ከላይ በሚታየው ምልክት ይታወቃል፤ አንዱ አሳዳጆችን ያባርርለታል፤ አንዱ የስልኩ ክፍል የተደበቀበትን ጉድጓድ ያሳየዋል፤ ሌላው ኤልየትን ይጠራለታል። እ.ኤ.አ. በ1982 ለነበረ የቤት ጨዋታ ይህ ትልቅ ውጥን ነው።

እኔን የነካኝ ግን የአበባው ነገር ነው። ፊልሙን ያየ እንደሚያስታውሰው፣ በቤቱ ውስጥ በማሰሮ የተተከለች አንዲት አበባ አለች፤ ኢ.ቲ. ሲታመም ትጠወልጋለች፤ ሕይወቱ ሲመለስ ቀና ትላለች። ዋርሾ ይህችን አበባ አልረሳትም። ከጉድጓዶቹ በአንዱ ውስጥ ጠውልጋ ትገኛለች፤ ኢ.ቲ. ካዳናት ጉልበቱ ባለቀ ጊዜ የሚያድነው አንድ ተጨማሪ ዕድል ይጨመርለታል። ጉልበቱ ሲያልቅ ደግሞ የሚያነሣው ሌላ ማንም ሳይሆን እየሮጠ የሚመጣው ኤልየት ነው። ፊልሙን ያልተረዳ ሰው እነዚህን ሁለት ነገሮች ሊያስብ አይችልም።

ስለ ምልክቶቹ ላለመረዳት ተጫዋቹም ተጠያቂ መሆኑን ልጁ አስተምሮኛል። እኔ ስወድቅና ስነሣ ሳለሁ እርሱ የመመሪያውን ጽሑፍ ፈልጎ አነበበ፤ በሁለተኛው ሙከራውም ኢ.ቲ.ን ወደ አገሩ ላከው። የኢ.ቲ. መልክ በፊልሙ ቡናማ ሆኖ ሳለ በጨዋታው አረንጓዴ ነው የሚለውን ወቀሳ ግን ከቁም ነገር አልቆጥረውም።

ጨዋታው ለገና ገበያ ደረሰ፤ አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህልም ተሸጠ። ነገር ግን ኩባንያው ያመረተው ከዚህ እጅግ የበለጠ ስለ ነበር፣ ያልተሸጠውና ከነጋዴዎች የተመለሰው በመጋዘን ተከመረ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር ወር 1983 ኩባንያው ከኤል ፓሶ በጭነት መኪና እያስጫነ ብዙ ዕቃ በኒው ሜክሲኮ ክፍለ ግዛት፣ አላሞጎርዶ በምትባል ከተማ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አስቀበረ፤ በላዩም ኮንክሪት ተገረፈበት። ከዚያ በኋላ በበረሃ የተቀበረው «ኢ.ቲ.» ብቻ ነው የሚል ወሬ ተስፋፋ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 2014 ስፍራው ሲቆፈር ወደ 1300 የሚጠጉ ካርትሪጆች ወጡ፤ «ኢ.ቲ.» ከመካከላቸው ጥቂቱን ድርሻ ብቻ ነበር የያዘው። በደንብ ተሸጠው የነበሩ ሌሎች ጨዋታዎችም አብረው ተቀብረው ነበር። በዚያው ዘመን የአሜሪካ የቪዲዮ ጨዋታ ገበያ በጠቅላላው ወድቋል። ገበያው በርካታ ኩባንያዎች በጥድፊያ ባወጧቸው ጨዋታዎች ተጥለቅልቆ ነበር፤ የቤት ኮምፒዩተሮችም ተወዳዳሪ ሆነው መጥተው ነበር። ይህን ሁሉ ውድቀት በአንድ ጨዋታና በአንድ ሠራተኛ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። ቀኑን የቆረጡትና የምርቱን ብዛት የወሰኑት የኩባንያው አለቆች ሲሆኑ፣ በሕዝብ አፍ የቀረው የጨዋታው ስም ነው።

እንግዲህ ከሁሉ የከፋ ነው ወዳልኩት ድካም ልምጣ። ስለ ጉድጓዱ አይደለም። በፊልሙ ኢ.ቲ. ስልኩን የሚሠራው በብልሃቱ ነው፤ ተራ የቤት ዕቃ በእጁ ሌላ ነገር ይሆናል፤ ልጆቹም ዕቃውን እየፈለጉ ያመጡለታል። በጨዋታው ግን ስልኩ ተሠርቶ በሦስት ተከፍሎ ተቀምጧል፤ የኢ.ቲ. ሥራ መልቀም ብቻ ነው። ከረሜላውም እንዲሁ። በፊልሙ ከረሜላ አንድ የፈራ ልጅ ለአንድ ለፈራ እንግዳ የሰጠው የመጀመሪያው ወዳጅነት ነው፤ በጨዋታው ዘጠኝ ሲሞላ ኤልየትን ጠርቶ በአንድ የስልክ ክፍል የሚለውጡት ገንዘብ ሆኗል። ዋርሾ «ፓክማን»ን አልሠራም ብሎ ነበር፤ መልቀሙ ግን በጓሮ በር ገብቶበታል። መሣሪያው ቁጥርን እንጂ ፍቅርን መያዝ አይችልም ነበር ብላችሁ ትከራከሩኝ ይሆናል። የአበባዋ ነገር ግን እንደሚቻል ያሳያል።

ስንብቱም አለ። የዘመዴ ልጅ ኢ.ቲ.ን ወደ አገሩ በላከ ጊዜ መንኰራኵሯ መጣች፣ ወሰደችው፤ ነጥቡም ተቆጠረ። ፊልሙ የሚያበቃው እዚህ ላይ ነው፤ የሄደው አይመለስምና ተመልካቹ የሚያለቅሰው ስለዚህ ነው። ልጁ ግን ቁልፉን እንደገና ተጫነ። የስልኩ ክፍሎች በሌሎች ጉድጓዶች ተደበቁ፤ ነጥቡ ካቆመበት ቀጠለ፤ ኢ.ቲ.ም ከመንኰራኵሩ ወደዚያው ጫካ ተመልሶ ወረደ።