ጨፋ ላይ ማን ይጠየቅ?

በጥር ወር ከከሚሴ ወጣ ብሎ ጨፋን ያየ ሰው ዓይኑን ማመን ያቅተዋል። ዙሪያው ዳገት ደርቆ፣ ማሽላው ተቆርጦ አገዳው ተከምሮ ሳለ ሜዳው ለምለም ነው። የቦርከና ወንዝ ከደሴና ከኮምቦልቻ በኩል ይዞት የሚወርደው ውኃ እዚህ ይተኛል። ሴቶች እስከ ጉልበታቸው ረግረጉ ውስጥ ገብተው ቄጤማ ያጭዳሉ። ራቅ ብሎ ከአፋር ቆላ የመጡ ከብቶች አንገታቸውን ደፍተው ይግጣሉ።

አንድ ጊዜ፣ የወል ግጦሽ ለእርሻ ሊሰጥ ነው ተብሎ የተጠራ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። ገና ንግግር ሳይጀመር አቴንዳንስ ዞረ። አጠገቤ የነበሩ አዛውንት አውራ ጣታቸው ላይ የቀረውን ቀለም በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «ልጄ፣ ምኑ ላይ ነው የፈረምኩት?» አሉኝ። «መገኘትዎን ነው፣ አባባ» አልኳቸው። ዋሽቻቸዋለሁ፤ ሳላውቅ። በኋላ ያ ወረቀት «ኅብረተሰቡ ተወያይቶ ተስማምቷል» ከሚል ቃለ ጉባኤ ጋር ተያይዞ አየሁት። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነካ ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ሰጥቷል። አንቀጽ 40 ደግሞ አርብቶ አደሩ ለግጦሽም ለእርሻም መሬት በነጻ የማግኘትና ከይዞታው ያለመፈናቀል መብት እንዳለው ይናገራል። ጨፋ ላይ የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው፦ የሚጠየቀው ማን ነው?

የቀበሌው መዝገብ የሚያውቀው ነዋሪውን ነው። በ1994 ዓ.ም. ዝናብ በጠፋ ጊዜ ግን የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች ጨፋን የ50 ሺህ አርብቶ አደሮችና የ200 ሺህ እንስሳት መጠጊያ ብለው ጻፉ። ከእነዚያ ውስጥ ከአፋር የመጡት በየትኛው ቀበሌ ተመዝግበው ያውቃሉ? ቄጤማ ሸጣ ለልጇ ደብተር የምትገዛዋ ሴትስ? የእርሻዋ የይዞታ ደብተር ላይ ስሟና ፎቶዋ ከባሏ ጋር ሊኖር ይችላል፤ ረግረጉ ግን በማንም ደብተር ላይ የለም። በማንም ደብተር ላይ የሌለ መሬት ደግሞ ካርታ ላይ ባዶ ይመስላል። በደርግ ዘመን የመንግሥት እርሻ እዚህ ሲሰፋም ትራክተሩ የገባው የክረምትና የበጋ ተራ ወዳለው ግጦሽ ነበር። ግጦሹ ሲጠብብ ከብቱ ወደ ገበሬው ማሳ ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሽማግሌ ለዕርቅ የሚጠራውም ያኔ ነው። ለዕርቅ የሚጠራ ሽማግሌ ሜዳው ከመከፈሉ በፊት ቢጠራ ምን ነበረበት?

ሜዳ ላይ መምከር እንግዳ ነገር አይደለም። በኦሮምኛ ጨፌ ለምለም እርጥብ መስክ ነው፤ ጉባኤም ነው። የኦሮሚያ ምክር ቤት ጨፌ የሚባለውም በዚሁ ነው። አባቶች ለመምከር የሚቀመጡት ሣሩ ላይ ነበርና።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህንን ነው። የጨፋ ጉዳይ ሲነሳ ስብሰባው የአፋር ከብት በመጣበት በበጋው ወር፣ እዚያው ሜዳው ዳር ይጠራ። ሜዳው በአንድ ወረዳ ስለማያልቅ ከአንድ ወረዳ በላይ ይቀመጥበት። ቄጤማ አጫጆቹ ሥራቸውን ጨርሰው በሚመለሱበት ሰዓት ይሁን። ቃለ ጉባኤው በኦሮምኛ፣ በአማርኛና በአፋርኛ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ የተቃወመ ሰው ቃልም አብሮ ይጻፍ። አቴንዳንሱ የሚዞረው ከዚያ በኋላ ነው።