ራዲያተር ከማስደፈን መቀየር ይሻለናል

ዛሬ ስለ ቀረጥም ስለ ምንዛሪም አልጽፍም፤ ስለ ራዲያተር ነው። ከሞያሌ ወደ ማርሳቢትና ናይሮቢ በአሮጌ መኪና የምንጭን ነጋዴዎች ራዲያተሩ ባፈሰሰ ቁጥር ወደ ፈንዲ እየሮጥን እናስደፍነዋለን። አንድ ራዲያተር በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ያስደፈኑ ሰዎች አውቃለሁ። ራስጌውና ግርጌው ፕላስቲክ ከሆነ ለሁለተኛ ጊዜ አታስደፍኑት። አዲስ ግዙና ግቢያችሁ ውስጥ ቀይሩት። የአንድ ጠዋት ሥራ ነው።

ንግድ የተማረ ሰው ሒሳቡን ከፈንዲው ክፍያ ብቻ አይጀምርም። መኪናው የቆመበት ቀን አለ፤ ለሾፌር የሚከፈል አለ፤ ከሁሉ በላይ ጭነቱ አለ። በቱርቢና በቡቢሳ መካከል፣ ዲዳ ጋልጋሉ ላይ ቲማቲም ጭኖ ሞተሩ የፈላበት ሰው የራዲያተርን ዋጋ ያውቃል። እዚያ ጥላ የለም። ለመኪናው የሚፈስሰው ውሃ ለሰው መጠጫ የተያዘው ነው። ይባስ ብሎ ሾፌሩ «ትንሽ ልግፋ» ብሎ ከነዳው የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይቃጠላል። ከዚያ በኋላ የምናወራው ስለ ራዲያተር ሳይሆን ስለ ሞተር ነው።

መንገዱ አስፋልት ከመሆኑ በፊት የሚያስቆመን ባሌስትራና ጎማ ነበር። አሁን ሞልተን ጭነን ሳናርፍ ስለምንነዳ፣ በተለይ ከሜዳው ወደ ማርሳቢት ሲወጣ፣ ደካማ ራዲያተር ወዲያው ይጋለጣል። መኪኖቻችን ደግሞ ወጣት አይሆኑም። ኬንያ ከ8 ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና አታስገባም፤ ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለች። በእጃችን ያለውን አሮጌ መኪና ይዘን ብዙ ዓመት እንቆያለን ማለት ነው።

«ይህ የሴት ሥራ አይደለም» የሚለኝ አይጠፋም። መኪናው በስሜ ነው፣ ኪሳራውም በስሜ ነው፤ ቡሎን መፍታት ላይ ሲደርስ ብቻ የወንድ የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ከመግዛታችሁ በፊት የመኪናውን ስም ብቻ ተናግራችሁ በስልክ አትዘዙ። ሃይሉክስ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ሞተሩ ይለያያል፣ ማንዋልና አውቶማቲክም ይለያያል። የሞተሩን ቁጥር ጻፉ፣ የራዲያተሩን ቁመት፣ ወርድና ውፍረት ለኩ፣ የቱቦ አፎቹ በየትኛው ጎን እንዳሉ ፎቶ አንሱ። ናይሮቢ ኪሪንያጋ ሮድም ሆነ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያለው ሻጭ ይህን ስታሳዩት ሌላ ነገር አያስታቅፋችሁም።

መኪናውን ማታ አቁማችሁ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ጀምሩ። የሞቀ ራዲያተር ክዳን መክፈት ፊት ይልጣል። የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ፤ በኤሌክትሪክ የሚዞር ቬንትሌተር ሞተሩ ጠፍቶም ሊነሳ ይችላል። ማፍሰሻውን ፈትታችሁ ውሃውን በሳፋ ተቀበሉ። ከዚያ የላይና የታች ቱቦዎችን፣ የቬንትሌተሩን ሽፋን፣ በመጨረሻ ራዲያተሩን የያዙትን ቡሎኖች ፍቱ። ለቶዮታ አብዛኛውን ጊዜ 10፣ 12 እና 14 ቁልፍ ይበቃል። የተጣበቀ ቱቦ ካጋጠማችሁ ቆርጣችሁ አውጡት፤ አዲስ ራዲያተር ላይ አሮጌ ቱቦ መመለስ ቁጠባ አይባልም። አዲሱን ስትገጥሙ የቱቦውን ማሰሪያ ከመጠን በላይ አታጥብቁ፤ የፕላስቲክ አፍ ይሰነጠቃል። ባትሪውን መልሱ፣ ክዳኑን ከፍታችሁ ቀስ ብላችሁ ሙሉ፣ የመኪናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈቱና ሞተሩን አስነሱ። አረፋው ሲያልቅ ጨምሩና ዝጉ። በማግስቱ፣ ሲቀዘቅዝ፣ እንደገና እዩት።

ክዳኑን አብራችሁ ቀይሩ። ርካሽ ስለሆነ ሁሉም ይንቀዋል። ሞያሌ ከባሕር ወለል ከ1000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል። 0.9 የሚል የተጻፈበት ደህና ክዳን ግን ግፊቱን ይዞ መፍያውን ከ115 ዲግሪ በላይ ይወስደዋል። ላስቲኩ ያረጀ ክዳን ካለ አዲሱም ራዲያተር ይፈላል።

ቴርሞስታቱንም አታስወጡ። «አገሩ ሞቃት ነው» እያሉ አውጥተው የሚጥሉ ፈንዲዎች አሉ። በብዙ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት የጎን መተላለፊያውን ይዘጋል፤ እሱ ከሌለ ከሞቀው ውሃ ከፊሉ ራዲያተር ሳይደርስ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። መሥራቱን ከተጠራጠራችሁ ድስት ውስጥ ከውሃ ጋር ጥዱት፤ ውሃው ሲግል ሲከፈት ታዩታላችሁ። ካልተከፈተ ቀይሩት።

ውሃውን በተመለከተ በጀሪካን የምንገዛው የጉድጓድ ውሃ ጨዋማ ነው። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ራዲያተሩ ውስጥም ይጋገራል። ኩላንት ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል ለእኩል ቀላቅሉ። የወጣውን አሮጌ ኩላንት ደግሞ መንገድ ላይ አትድፉ። ጣዕሙ ጣፋጭ፣ ነገሩ መርዝ ነው፤ የጎረቤት ፍየል ከጠጣው ይሞታል። ክዳን ባለው ጀሪካን አድርጋችሁ ልጆች የማይደርሱበት አስቀምጡ።

ፈንዲዎቻችንን እንጀራ ለመንሳት አይደለም የምጽፈው። በፀሐይ የሚሠሩ፣ እጃቸው የተባረከ ሰዎች ናቸው። ራዲያተሩ የድሮው የመዳብ ከሆነ ጥሩ ፈንዲ ከፍቶ ጠርጎ ሲበይደው ዓመታት ይሠራል፤ እንዲያውም አትጣሉት። አውቶማቲክ መኪና ላይ የካምቢዮ ዘይት ቧንቧዎች በራዲያተሩ ስለሚያልፉ ለለመደ ሰው ስጡ። የሞተር ዘይታችሁ እንደ ወተት ሻይ ከነጣ ደግሞ አዲስ ራዲያተር ከመግዛታችሁ በፊት መካኒክ ይየው፤ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።