የፊት ቅባት ገበያው የሚፈልገው ብዙ ዕጣን አይደለም

በመተማና በቋራ ቆላዎች፣ እንዲሁም በዋግ ኽምራው አበርገሌ የዕጣን ምርት ሥራ የሚጀመረው ክረምቱ ወጥቶ ዛፉ ቅጠሉን ሲያራግፍ ነው። ሠራተኛው በትንሽ ስለታም መሣሪያ የዛፉን ቅርፊት በስሱ ይልጣል። ከቁስሉ የሚወጣው ነጭ ፈሳሽ በአየርና በፀሐይ ይጠጥራል። ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ቆይቶ ይመለሳል፤ የደረቀውን ይለቅማል፣ ቁስሉንም ያድሳል። ዝናቡ እስኪመለስ ድረስ ይኸው ሥራ በአንድ ዛፍ ላይ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይደጋገማል። የተለቀመው ዕጣን በመጠኑ፣ በቀለሙና በንጽሕናው ተለይቶ በኪሎና በኩንታል ይሸጣል። መድረሻው ቤተ ክርስቲያን፣ የቡና ረከቦት ዳር፣ የዓረብ አገራት ቤቶችና የቻይና ገበያ ሆኖ ኖሯል።

ባለፉት ዓመታት ግን ለዚህ ምርት ሌላ ዓይነት ፈላጊ መጥቷል። ከዕጣን የሚጣራው ዘይት የፊት ቆዳን ያለሰልሳል፣ መጨማደድን ይቀንሳል እየተባለ በማኅበራዊ ሚዲያ በስፋት ይተዋወቃል። በሴረም፣ በክሬምና በሳሙና መለያ ላይ ስሙ በትልቁ መጻፍ ጀምሯል። ከእነዚህ ምርቶች ብዙዎቹን የሚያወጡት የራሳቸው ፋብሪካ ያላቸው ኩባንያዎች አይደሉም። አንድ ነጋዴ በዱባይ ወይም በለንደን ተቀምጦ፣ ቅባቱን ከሚቀምም ፋብሪካ ጋር ይዋዋላል። ፋብሪካው ከተዘጋጁ ቀመሮቹ አንዱን ይሰጠዋል፣ ነጋዴው በፈለገው መዓዛና ግብዓት ያሻሽልለታል፣ ጠርሙሱ ላይ የነጋዴውን ስም ለጥፎ ያስረክበዋል። በንግዱ ቋንቋ ይህ አሠራር «ፕራይቬት ሌብል» ይባላል። በአነስተኛ ካፒታል የሚጀመር በመሆኑ በውጭ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ነጋዴም መንገዱ ክፍት ነው።

ዜናው ወደ ወረዳ ሲደርስ የሚቀሰቅሰው ተስፋ ለመገመት አያስቸግርም። ዕጣን ተፈላጊ ከሆነ ብዙ ማምረት፣ ብዙ ለማምረት ደግሞ ብዙ ወጣቶችን ማደራጀትና ያልተነካውን ደን መክፈት የሚል ነው። ሐሳቡ በቅን ልቦና የሚነሳ ቢሆንም፣ ስለ አዲሱ ገበያ የተያዘው ግምት ግን ከመነሻው የተሳሳተ ነው። ስህተቱን ለማየት ትንሽ ሒሳብ ይበቃል።

አንድ ጠርሙስ የፊት ዘይት 30 ሚሊ ሊትር ይይዛል እንበል። የዕጣን ዘይት የተጠናከረ ግብዓት በመሆኑ በፊት ቅባት ውስጥ የሚገባው መጠን አብዛኛውን ጊዜ 1 በመቶ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ስለዚህ በአንዱ ጠርሙስ ውስጥ ያለው የዕጣን ዘይት 0.3 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ጥቂት ጠብታ ብቻ ነው። 10 ሺህ ጠርሙስ የሚሸጥ ነጋዴ፣ ለጀማሪ መለያ ይህ ትልቅ ስኬት ነው፣ የሚያስፈልገው 3 ሊትር ዘይት ይሆናል። ከአንድ ኩንታል ዕጣን 2 ሊትር ዘይት ይወጣል ብለን ብንነሳ፣ ነጋዴው የሚገዛው አንድ ኩንታል ተኩል ዕጣን ነው። አንድ ዛፍ በዓመት 250 ግራም ቢሰጥ፣ 600 ዛፍ ይበቃዋል። ይህ ከጥቂት ሄክታር ደን የሚገኝ ምርት ነው።

እርግጥ ሽቶ ሠሪዎችና ዘይቱን ለብቻው በጠርሙስ የሚሸጡ ኩባንያዎች ከዚህ የበለጠ ይወስዳሉ። የፊት ቅባቱ ገበያ ግን ኩንታልን ከኩንታል የሚደራርብ ገበያ አይደለም። የሚገዛው በጣም ጥቂት ነው፤ ለዚያ ጥቂት ግን ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደለቀመው፣ ምን እንደያዘ የሚያሳይ ማስረጃ ይጠይቃል። ወረዳዎችና ማኅበራት ይህን ካልለዩ ብዙ ዛፍ አቁስለው፣ ምርቱን እንደበፊቱ ለሚጨስ ዕጣን ነጋዴ በኪሎ መሸጣቸው አይቀርም።

የዛፉ ሁኔታ ደግሞ ለስህተት ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 «ኔቸር ሰስቴይነቢሊቲ» በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን 23 የዕጣን ዛፍ ደኖችን መርምሯል። ተመራማሪዎቹ ከ21 ሺህ በላይ ዛፎችን ለክተው ያገኙት፣ ከደኖቹ ከ75 በመቶ በሚበልጡት ውስጥ ትንንሽ ዛፎች አለመኖራቸውን ነው። በሌላ አነጋገር ሽማግሌው አለ፣ ልጁ የለም። በአብዛኞቹ ቦታዎች ለአሥርት ዓመታት አዲስ ዛፍ አልተተካም። ጥናቱ በዚሁ ከቀጠለ የዕጣን ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ ተንብዮአል። ምክንያቶቹ ለአካባቢው አርሶ አደር እንግዳ አይደሉም፤ ችግኙን የሚበላ ከብት፣ በበጋ የሚለቀቅ እሳት፣ ለሰሊጥ የሚመነጠር መሬት፣ የቆሰለውን ግንድ የሚቦረቡር ጢንዚዛ ናቸው።

ማቁሰሉም ራሱ ዋጋ ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2006 በኤርትራ የተደረገ ጥናት ውጤት፣ ካልተነኩ ዛፎች የተሰበሰበ ዘር ከ80 በመቶ በላይ ሲበቅል፣ በከፍተኛ ደረጃ ከቆሰሉት የተገኘው ግን 16 በመቶ እንኳ እንዳልሞላ ያሳያል። ዛፉ ለዘር የሚያውለውን ኃይል ለቁስሉ ያወጣዋል። በመተማና በአበርገሌ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ለማኅበራት በቀጥታ የሚጠቅም ውጤት አለው። በአንድ ዛፍ ላይ ያለው ቁስል ከ9 ሲያልፍ የሚገኘው ዕጣን አልጨመረም። አሥረኛው ቁስል ዛፉን ይጎዳል እንጂ ለለቃሚው የሚያስገባለት ነገር የለም። ሠራተኛ በለቀመው ኪሎ ልክ በሚከፈልበት ቦታ ይህን በቃል ምክር ብቻ ማስቆም አስቸጋሪ መሆኑ የታወቀ ነው።

ገዢው ስለ ማስረጃ ሲጠይቅ የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛው ዕጣን?» የሚል ነው። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚለቀመው ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ከተባለው ዛፍ ነው። በኦማን፣ በየመንና በሶማሊያ አካባቢ የሚገኘው ቦስዌሊያ ሳክራ ይባላል። ሁለቱም ዕጣን ናቸው፣ ዘይታቸው ግን ይለያያል። በሳክራ ዘይት ውስጥ ብዙ ጊዜ አልፋ ፓይኒን ጎልቶ ሲገኝ፣ የእኛው ዘይት በአብዛኛው ኦክቲል አሲቴት ነው። ላቦራቶሪ ይህን በቀላሉ ይለያል። የአንዱን በሌላው ስም የሸጠ፣ ወይም ሁለቱን የቀላቀለ፣ በመጀመሪያው ምርመራ ይጋለጣል። የኛ አገር ዘይት በራሱ ስምና በራሱ ጠባይ ቢቀርብ ግን ገዢው ደጋግሞ የሚያገኘው መዓዛ ይኖረዋል፤ መለያ ለሚገነባ ነጋዴም ዋናው ፍላጎት ይኸው ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ፣ በማስታወቂያዎቹ ውስጥ ተዘውትሮ የሚድበሰበስ አንድ ነገር አለ። ዕጣን ለቆዳ እብጠትና መቅላት ይጠቅማል ሲባል ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ቦስዌሊክ አሲድ ነው። ይህ ንጥረ ነገር ግን በእንፋሎት አይተንም። ዕጣኑ ሲጣራ ዘይቱ ይወጣል፣ ቦስዌሊክ አሲዱ ከድስቱ በታች በሚቀረው ሙጫ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ በእንፋሎት በተጣራ የዕጣን ዘይት ላይ «ቦስዌሊክ አሲድ ያለው» ብሎ የሚጽፍ መለያ ከመነሻው ትክክል አይደለም። ለአምራቹ ግን ይህ መልካም ዜና ሊሆን ይችላል። የማጣሪያ ሥራ የሚጀምር ማኅበር እንደ ጥራጊ ሊጥለው የሚችለው ዝቃጭ ለሌላ ገዢ የሚቀርብ ሁለተኛ ምርት ነው።

የቃላት ጥንቃቄው ለሕግም ጭምር ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 1223/2009 መሠረት ማንኛውም የመዋቢያ ምርት ገበያ ከመግባቱ በፊት የደኅንነት ግምገማ ሊደረግለት፣ በኅብረቱ ውስጥም ተጠያቂ ሰው ወይም ድርጅት ሊኖረው ይገባል። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣችው ሕግ አምራቾች እንዲመዘገቡና ምርታቸውን እንዲያሳውቁ አዝዛለች። በአገራችን መዋቢያዎች በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር ናቸው። «ይፈውሳል» የሚል ቃል መለያው ላይ ከሰፈረ ምርቱ ከመዋቢያነት አልፎ እንደ መድኃኒት ይታያል፤ የሚጠየቀው ማስረጃም የዚያኑ ያህል ይከብዳል። በወረዳ ደረጃ የሳሙናና የክሬም ማምረቻ ለመትከል የሚያስቡ ይህን ሸክም አስቀድመው ሊመዝኑት ይገባል። ንጹሕ ዕጣን ለይቶና መዝግቦ ማቅረብ፣ ቀጥሎም ዘይቱን ማጣራት፣ ከክሬም ፋብሪካ ይልቅ ለማኅበር አቅም የቀረበ ነው።

የሌላ አገር ተሞክሮ ቢታይ የሞሮኮው አርጋን ለንጽጽር ይመቻል። የአርጋን ዘይት ከምግብነት ተነሥቶ ለፀጉርና ለፊት ቅባት በዓለም ገበያ የተፈለገው ከዕጣን ቀድሞ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ከገበያው መድመቅ አንዳንድ የገጠር ቤተሰቦች መጠቀማቸውን አሳይቷል፤ ፍጆታቸው አድጓል፣ ሴቶች ልጆቻቸውን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልከዋል። ያገኙትን ገንዘብ ግን ፍየል ገዝተውበታል፤ ፍየል ደግሞ የአርጋን ደን ዋነኛ ሥጋት ነው። ሰዎቹ በዛፉ ላይ ያለውን ፍሬ በንቃት መጠበቅ ጀመሩ፣ ለዛፉ የረዥም ጊዜ ጤና ግን ገንዘብም ጉልበትም አላወጡም። ልብ ሊባል የሚገባው አርጋን የሚሰጠው ፍሬውን መሆኑ ነው። ዕጣን ግን ከቁስል የሚገኝ ነው።

የፊት ቅባት ፋሽን ቶሎ ይመጣል፣ ቶሎም ይሄዳል። ዘንድሮ ዕጣንን የፈለገ መለያ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ ሌላ ቅጠል ወይም ወደ ሌላ ዘይት ሊዞር ይችላል፤ ቀማሚው ፋብሪካ ቀመሩን ለመለወጥ የሚወስድበት ጊዜ አጭር ነው። ዛፉን ግን በሁለትና በሦስት ዓመት መተካት አይቻልም። ስለሆነም ወረዳዎች አሁን ሊሠሩ የሚችሉት ሥራ ፋሽኑ ቢያልፍም የማይባክን መሆን ይኖርበታል። የዛፎቹን ብዛትና ውፍረት መመዝገብ፣ በየዛፉ የሚፈቀደውን የቁስል ቁጥር መወሰን፣ የሚያርፈውን ክፍል ለይቶ ማወጅ፣ ከከብትና ከእሳት የተከለለ ቦታ ማዘጋጀት፣ ከቅርንጫፍ ቁራጭ ማባዛትን መሞከር የዚህ ዓይነት ሥራዎች ናቸው። የሚያስደንቀው፣ ውጭ ያለው ገዢ በማስረጃነት የሚጠይቀውም ከሞላ ጎደል እነዚህኑ ነው። የመኸር ዓመቱን፣ ቀበሌውንና የደኑን ክፍል ጽፎ ከሌላው ሳይቀላቅል የሚያስቀምጥ መጋዘን፣ ካለ ምንም አዲስ ማሽን የምርቱን ደረጃ ከፍ ያደርጋል። ዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት አባል አገራትም እ.ኤ.አ. በ2019 ባደረጉት ጉባኤ በዕጣን ዛፎች ላይ መረጃ እንዲሰበሰብ ወስነዋል። በንግዱ ላይ ጠበቅ ያለ ቁጥጥር ቢመጣ፣ መዝገብ ያለው ወረዳ ከሌላው በተሻለ ሁኔታ ላይ ይገኛል።

የባለቤትነት ጉዳይም አለ። በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ በኔዘርላንድ የተመዘገበው ፓተንት በሔግ ፍርድ ቤት ውድቅ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ2018 ሲሆን፣ ክርክሩ የፈጀው ጊዜና ድካም ይታወሳል። የዕጣን ናሙና ለምርምርና ለአዲስ ቀመር ተብሎ ሲወሰድ የጄኔቲክ ሀብት አርክቦትንና የማኅበረሰብ መብትን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ፤ የሚመለከተውም የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። የወረዳ ኃላፊዎች ናሙና ጠያቂ እንግዳ ሲመጣ ወዴት እንደሚመሩት ቢያውቁ ማኅበራቱ ኋላ ከሚመጣ ጣጣ ይድናሉ።

ከሁሉ የሚከብደው የውሉ ነገር ነው። በኪሎ የሚከፍል ውል ላረፈ ዛፍ አይከፍልም። ለቃሚው ቁስሉን በ9 ሲገታ፣ ማኅበሩም ከደኑ የተወሰነውን ለዓመታት ሲያሳርፍ የሚቀርበትን ገቢ አንድ ወገን መሸፈን አለበት። በጠርሙሱ ላይ «ዛፉን ሳይጎዳ የተለቀመ» ብሎ ሊጽፍ የሚፈልግ ነጋዴ፣ ለአንድ ጠርሙስ የሚያወጣው የዕጣን ዘይት ጥቂት ጠብታ ስለሆነ፣ የዘይቱ ዋጋ እጥፍ ቢሆንበት እንኳ በጠርሙሱ መሸጫ ላይ የሚጨምርበት ትንሽ ነው። ከጥቅምት በፊት ከእንዲህ ያለ ገዢ ጋር የሚቀመጥ ማኅበር ስለ ኪሎ ዋጋ ከመከራከሩ አስቀድሞ፣ ላረፉት ዛፎች በዓመት ምን ያህል እንደሚከፈል ቢጠይቅ ያዋጣዋል።