የጋሪ ፈረስ የቀን መኖ
የፈረስ ጨጓራ ከ8 እስከ 15 ሊትር ብቻ ይይዛል፤ አሲድ የሚያመነጨው ግን ያለማቋረጥ ነው። ስለሆነም ፈረስ ጥቂት በጥቂቱ ሲግጥ መዋል አለበት። በአገራችን ከተሞች በርካታ የጋሪ ፈረሶች ግን በባዶ ሆድ ሲጎትቱ ውለው ማታ ፉርሽካና ገብስ በአንድ ጊዜ ይቀርብላቸዋል። በትንሹ አንጀት ሳይፈጭ ያለፈው ስታርች በትልቁ አንጀት በፍጥነት ስለሚብላላ ለሞት የሚያደርስ የሆድ ቁርጠት ሊያስከትል ይችላል። ፈረሱ ሲሞት የባለጋሪው ቤተሰብ የዕለት ጉርስም አብሮ ይቋረጣል።

ይሁን እንጂ ጥፋቱን በባለጋሪው ላይ ብቻ መጣል ተገቢ አይደለም። 200 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፈረስ በቀን ከ3 ኪሎ ግራም ያላነሰ ድርቆሽ ያስፈልገዋል። በጋሪ መቆሚያዎች ጥላ፣ የውኃ ገንዳና የመኖ ማቅረቢያ ስፍራ ካልተዘጋጀ ምክር ብቻውን ፍሬ አያፈራም፤ ይህንን ማመቻቸት የከተማ አስተዳደሮች ኃላፊነት ሊሆን ይገባል።